ካርድ የሌለው በሽተኛ

መቼም ሐኪም ቤት ሄዶ የማያውቅ ሰው የለምና የካርድ ክፍሉን ወረፋ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቢያማችሁም ቢያዞራችሁም መጀመሪያ ካርድ ማውጣት ግድ ነው። እኛም በልጅነታችን የእናቶቻችንን ነጠላ ይዘን እዚያ ወረፋ ላይ ቆመናል። ዛሬ ልናወራ የፈለግነው ግን ስለ ሌላ ካርድ ነው። አሜሪካ ውስጥ በወረፋ የማይወጣ፣ ከሌለ ግን ሐኪሙ በሽተኛውን መቼ እንደሚያየውና እስከ ምን ድረስ እንደሚያክመው የሚወስን ካርድ አለ። ግሪን ካርድ ይሉታል። እዚያ ያሉት ወገኖቻችን በአጭሩ «ወረቀት» ነው የሚሉት። «ወረቀት አለው?» «ወረቀቱ አለቀለት?» ይባባላሉ።

ይህ ወረቀት በታመመ ሰው ላይ ምን እንደሚሠራ ለማየት ከላቲኖዎቹ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። ላቲኖ ስንል ከሜክሲኮ፣ ከጓቲማላ፣ ከሆንዱራስ፣ ከኤልሳልቫዶር፣ ከኩባ፣ ከፖርቶ ሪኮና ከሌላውም የላቲን አሜሪካ ምድር የመጡ ወይም ዘራቸው ከዚያ የሚመዘዝ ሰዎች ማለታችን ነው። በ2020 ቆጠራ አሜሪካ ውስጥ 62 ሚሊዮን ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ እንዳትደናገሩ።)

ይቃጠል፣ ከዚያ እንመጣለን

ከኩላሊት እንጀምር። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ሦስትና አራት ሰዓት ያህል፣ ደሙ በማሽን መታጠብ አለበት። ካልታጠበ ውኃ ሳንባው ውስጥ ይጠራቀማል፤ በደሙ ያለው ፖታሲየም ይጨምርና ልቡን ሊያቆመው ይችላል። አሜሪካ ይህን አሳምራ ስለምታውቅ በ1972 ባወጣችው ሕግ ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት መድን የኩላሊት እጥበትን ወጪ ዕድሜ ሳይለይ ከሞላ ጎደል ለሁሉም ዜጋ እንዲሸፍን አደረገች። ለሌሎች በሽታዎች ያላሳየችውን ቸርነት ለኩላሊት አሳየች።

ወረቀት የሌለው ሰው ግን እዚያ ሕግ ውስጥ የለም። እሱ የሚደገፍበት ሌላ ሕግ ነው። በ1986 የወጣው ይህ ሕግ ሆስፒታሎች ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነገር ይዞት ድንገተኛ ክፍል የመጣን ሰው «ገንዘብ አለህ ወይ? ወረቀት አለህ ወይ?» ሳይሉ መርምረው እንዲያረጋጉት ያስገድዳል። ሸጋ ሕግ ነው። ችግሩ የሚያስገድደው እስከ ማረጋጋት ድረስ ብቻ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሕክምና፣ ክትትሉና ቀጠሮው፣ የበሽተኛው የራሱ ጣጣ ነው።

አሁን ሁለቱን ሕጎች አንድ ላይ አድርጋችሁ አስቧቸው። ቴክሳስ ውስጥ የቤት ጣራ ሲሠራ የሚውል አንድ የሆንዱራስ ሰው አለ እንበል። ኩላሊቱ ሥራ አቆመ። ወረቀት የለውም። ድንገተኛ ክፍል ይሄዳል፤ ደሙ ይመረመራል። ፖታሲየሙ እስከሚፈለገው ካልጨመረ፣ ትንፋሹም እስከሚፈለገው ካላጠረ፣ «ገና ነህ፤ ሲብስብህ ተመለስ» ይባላል። ቤቱ ይሄዳል። ይብስበታል። ይመለሳል። ያኔ ማሽኑ ላይ ያወጡታል፤ ሲሻለው ይሸኙታል። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ያው ነው። በአንዳንድ ግዛቶች ለዓመታት የተሠራበት አሠራር ይሄ ነው፤ ስሙም «የድንገተኛ ብቻ እጥበት» ይባላል። መድኃኒቱን ለማግኘት መጀመሪያ መሞት መጀመር ያስፈልጋል ማለት ነው።

አያቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሉ ነበር። የእነዚያ ግዛቶች ሕግ ደግሞ «ይቃጠል፤ ከዚያ እንመጣለን» የሚል ነው።

እሺ፣ ውጤቱ ምን ሆነ? ሐኪሞች ቆጥረውታል። በ2018 የወጣ አንድ ጥናት በዴንቨርና በሂዩስተን የድንገተኛ ብቻ እጥበት የሚያገኙ ወረቀት የሌላቸውን ሕሙማን፣ በሳን ፍራንሲስኮ በቀጠሮ ከሚታጠቡ እንደነሱ ወረቀት ከሌላቸው ሕሙማን ጋር አነጻጸረ። በአምስት ዓመት ውስጥ የዴንቨሮቹና የሂዩስተኖቹ የመሞት አደጋ 14 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ፤ በሽታው አንድ ነው፣ ማሽኑ አንድ ነው፣ የወረቀት ማጣታቸውም አንድ ነው። የተለያየው የሚኖሩበት ከተማ ደንብ ብቻ ነው።

«ገንዘብ ቢያጥራቸው ነው» የሚል ይኖራል። በ2019 ከዳላስ የወጣው ጥናት ለዚህ መልስ አለው። 181 ወረቀት አልባ የኩላሊት ሕሙማን ነበሩ። ከፊሎቹ የግል ኢንሹራንስ የሚያገኙበት ዕድል ተፈጠረላቸውና በቀጠሮ መታጠብ ጀመሩ፤ የቀሩት በድንገተኛው ቀጠሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ በቀጠሮ ከሚታጠቡት የሞቱት 3 በመቶ፣ በድንገተኛ ከሚታጠቡት 17 በመቶ ናቸው። ወጪውስ? በቀጠሮ መታጠብ ለአንድ ሰው በወር ከ5 ሺህ 700 ዶላር በላይ አዳነ። በየሳምንቱ ድንገተኛ ክፍል መግባት፣ አልጋ መያዝ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል መተኛት ርካሽ አይደለማ! እንግዲህ ሰውየውን በሞት አፋፍ ላይ የሚያቆመው ደንብ ገንዘብ የሚቆጥብ ደንብ አይደለም። ከፍሎ የሚጎዳ ደንብ ነው።

ኮሎራዶ ይህን አየችና በ2019 ደንቧን ቀየረች። ሕግ አልፈረሰም፣ ድንበር አልተናደም። «ድንገተኛ» የሚለው ቃል ትርጉም ሰፋ አለ፣ ሰዎች በቀጠሮ መታጠብ ጀመሩ፤ በቃ።

አንድ ቋንቋ፣ ብዙ ወረቀት

ስለ ላቲኖዎች ጤና ሲወራ «ባህላቸው ነው»፣ «ምግባቸው ነው»፣ «ሐኪም ቤት መሄድ አይወዱም» የሚል አስተያየት አይጠፋም። እስቲ ወረቀቱን እንይ። ፖርቶ ሪኮዎች ከ1917 ጀምሮ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው። ኩባዎች በ1966 በወጣ ልዩ ሕግ ከብዙ ስደተኛ በቀለለ መንገድ ግሪን ካርድ ሲያገኙ ኖረዋል። የጓቲማላውና የሆንዱራሱ ሰው ግን እንዲህ ያለ መንገድ የለውም። ሦስቱም ስፓኒሽ ይናገራሉ፤ አንድ ሰፈር ሊኖሩ፣ አንድ ሬስቶራንት ወጥ ቤት ውስጥ ሊሠሩ ይችላሉ። የጤና ኢንሹራንሳቸውን ግን ቋንቋቸውም ወጣቸውም አይወስነውም።

ቁጥሩም ይህንኑ ይናገራል። ኬኤፍኤፍ የተባለው የጤና ፖሊሲ ተቋም ከሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋር በ2023 በስደተኞች ላይ ባካሄደው ጥናት (ላቲኖዎችን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ያካተተ ነው) ወረቀት ከሌላቸው አዋቂዎች 50 በመቶው ኢንሹራንስ አልነበራቸውም። ወረቀት ኖሯቸው ዜግነት ካላገኙት ደግሞ 18 በመቶው። ዜግነት ካገኙት 6 በመቶው ብቻ። አዎ፣ ዜግነት ያገኘው ስደተኛ እዚያው ከተወለደው አሜሪካዊ ያልተናነሰ ኢንሹራንስ አለው። ሰውየው ሐኪም ቤት መሄድ ስለጠላ ሳይሆን በሩ ስለተቆለፈ ነው ማለት ነው።

መቆለፊያውን ማን አኖረው? ሁለቱም ፓርቲ። በ1996 ክሊንተን የፈረሙት የድጎማ ማሻሻያ ሕግ ወረቀት የሌለውን ሜዲኬይድ ከተባለው የድሆች መድን ከድንገተኛው በስተቀር አገደው፤ ግሪን ካርድ ያገኘውንም አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ጠብቅ አለው። በሴፕቴምበር 2009 ደግሞ ኦባማ በኮንግረስ ፊት ቆመው የጤና ማሻሻያቸው በሕገወጥ መንገድ የገቡትን እንደማይጨምር ሲናገሩ፣ የደቡብ ካሮላይናው ጆ ዊልሰን «ትዋሻለህ!» ብለው ጮኹባቸው። ዜናው የጩኸቱ ሆነና ዋናው ነገር ተረሳ፤ ኦባማ አልዋሹም ነበር። በ2010 የጸደቀው ሕግ ወረቀት የሌለውን ሰው ድጎማውን መከልከል ብቻ ሳይሆን፣ በገዛ ገንዘቡ እንኳ ከመንግሥቱ የኢንሹራንስ ገበያ እንዳይገዛ አገደው። ገንዘብ ይዞ ሱቅ የመጣን ሰው «ላንተ አንሸጥም» እንደማለት ነው።

በልጅነታቸው ተወስደው እዚያ ያደጉት፣ በ2012 «ዳካ» የተባለ ጊዜያዊ ከለላ ያገኙት ወጣቶች እንኳ ወደዚያ ገበያ እንዲገቡ የተፈቀደላቸው በኖቬምበር 2024 ነው። በኦገስት 2025 እንደገና ወጡ። አንድ የስኳር በሽተኛ በዚህ መሐል ስንት ቀጠሮ ይይዛል?

ስኳርን ዝም ብለን አላነሳንም። ላቲኖዎች ላይ የስኳር በሽታ ከነጮቹ በርትቶ ይታያል፤ ኩላሊትን ከሚያደክሙ በሽታዎችም ዋነኛው ስኳር ነው። በርካሽ እንክብልና በክትትል ሊያዝ የሚችለው በሽታ ሐኪም ሳያየው አሥር ዓመት ይቆይና መጨረሻው ያ የድንገተኛ ክፍል ማሽን ይሆናል። እርግጥ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በየሰፈሩ የተከፈቱት የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች ወረቀት ሳይጠይቁ ግፊትና ስኳር ሲያክሙ ኖረዋል። ምስጋና ይገባቸዋል። ግን የልብ ሐኪም፣ የካንሰር ሐኪም፣ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ እነሱ ከመጻፍ ያለፈ አቅም የላቸውም። በጁላይ 2025 ደግሞ የፌደራሉ መንግሥት ይህንንም በር ለማጥበብ መመሪያ አወጣና ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ።

በሽታውን የደበቀ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። ግን ሰው በሽታውን እንዲደብቅ የሚያደርገው ፍርሃት ሲሆንስ?

በ1994 የካሊፎርኒያ ሕዝብ ወረቀት የሌላቸውን ከሕክምናም ከትምህርትም የሚያግድ፣ ሐኪም ቤቶችም የጠረጠሩትን ሰው ለመንግሥት እንዲያሳውቁ የሚያዝ ውሳኔ 59 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ አጸደቀ። ፍርድ ቤት አገደው፤ ፍርሃቱን ግን ፍርድ ቤት አያግደውም። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ «የመንግሥት ሸክም የሆነ ግሪን ካርድ አያገኝም» የሚለው ደንብ ሲሰፋ፣ ደንቡ የማይመለከታቸው ቤተሰቦች ሳይቀሩ ዜጋ የሆኑ ልጆቻቸውን ከሜዲኬይድ አስወጡ። ደንቡ በ2021 ቀረ። ወሬው ግን አልቀረም።

ከዚያ 2025 መጣ። በጃንዋሪ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ሆስፒታልና ትምህርት ቤት አካባቢ ሰው እንዳይዙ ሲገድብ የኖረው መመሪያ ተሻረ። በጁን ደግሞ ካሊፎርኒያንና ኢሊኖይን ጨምሮ የጥቂት ግዛቶች የሜዲኬይድ ተመዝጋቢዎች የግል መረጃ ለኢሚግሬሽኑ ክፍል ተላልፎ መሰጠቱ ታወቀ። ለሕክምና ብለው የሰጡት አድራሻ ማለት ነው።

አንድ ቤት ውስጥ አባት ወረቀት የሌለው፣ እናት ጊዜያዊ ፈቃድ ያላት፣ ልጅ ደግሞ እዚያው የተወለደ ዜጋ መሆን የተለመደ ነው። ልጁ ትኩሳት ቢይዘው ሙሉ መብት አለው። ሐኪም ቤት የሚወስደው ግን አባቱ ነው። አባትየው ከፈራ የልጁ ዜግነት ምን ያደርግለታል? ለዚህ ነው የወረቀት ነገር ወረቀት የሌለውን ብቻ የሚነካ አይደለም የምንለው።

ከገቡም በኋላ

በሩን አልፈው ለገቡትም ነገሩ አያበቃም፤ የሕክምናው ጥራት የሚባል አለ። በ1980 ደቡብ ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ የ18 ዓመት የኩባ ወጣት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ቤተሰቡ «ኢንቶክሲካዶ» ሆኗል አሉ፤ በእነሱ አነጋገር የበላው ወይም የጠጣው ነገር ታመመበት ማለት ነው። ሐኪሞቹ ግን አደንዛዥ ዕፅ የወሰደ መሰላቸው፤ ለዚያው ሲያክሙት አንጎሉ ውስጥ ደም ይፈስ ነበር። ልጁ እጅና እግሩ ሽባ ሆኖ ቀረ። ክሱ 71 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሚያስከፍል ስምምነት አለቀ። አንዲት ቃል! አስተርጓሚ አልተጠራም ነበር።

ዛሬ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ የማቅረብ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው። ግን በየቦታው ለእናቱ የሚያስተረጉመው የአሥር ዓመት ልጅ ነው። እስቲ አስቡት፤ የእናቱን የማኅፀን ሕመም፣ የካንሰሯን ውጤት። ወረቀት ያላት እናት «አስተርጓሚ አምጡልኝ» ብላ ትቆጣለች። ወረቀት የሌላት ድምጿን ከፍ ማድረግ ትፈራለች። ጥራት የሚጠበቀው ደግሞ በሽተኛው ሲጠይቅ ነው።

የእኛው ክርክር

ይህን ጽሑፍ ከመጻፋችን በፊት ማኪያቶ ይዘን ተጨቃጭቀናል። ከመካከላችን አንዱ «አገር ድንበር አለው፤ ያለ ፈቃድ ለገባ ሁሉ ሕክምና በነፃ ከተሰጠ ማን በሕግ ይገባል?» አለ። ሌላዋ ደግሞ «እኛ አገር ስንቱ የኩላሊት እጥበት መክፈል አቅቶት በየመንገዱ እየተለመነለት፣ የአሜሪካን ችግር ምን አስጨነቃችሁ?» አለችን።

ሁለቱም ጥያቄ ሰነፍ ጥያቄ አይደለም። ለሁለተኛዋ የመለስነው ይህን ነው፤ እኛ ዘንድ የሚጎድለው ማሽኑና ገንዘቡ ነው። እዚያ ማሽኑ አለ፣ ሐኪሙ አለ፣ ገንዘቡም እየወጣ ነው፤ ያውም በእጥፍ። የጎደለው ወረቀት ነው። ከድህነት የሚመጣ ሞትና ከደንብ የሚመጣ ሞት እኩል ያሳዝናሉ፤ ሁለተኛውን ለማስቆም ግን አንድ ፊርማ ይበቃል።

ለመጀመሪያው ደግሞ፤ አገር ድንበሩን የመጠበቅ መብት እንዳለው እኛም እናምናለን። ጥያቄው ድንበሩ የት ይሁን ነው። የኩላሊት ማሽን አጠገብ መሆን አለበት? በዚያ ላይ «በነፃ» የሚለው ቃል ራሱ ያጠራጥራል። አይቴፕ የተባለው የግብር ጥናት ተቋም እንዳሰላው ወረቀት አልባ ስደተኞች በ2022 ብቻ 96.7 ቢሊዮን ዶላር ግብር ከፍለዋል። ከዚህ ውስጥ 6.4 ቢሊዮኑ የገባው ለሜዲኬር ነው። ያ በ1972 የኩላሊት እጥበትን የሸፈነው ሜዲኬር! ከደሞዛቸው እየተቆረጠ የሌላውን ኩላሊት ያሳጥባሉ፤ የራሳቸው ሲደክም ግን «ሲብስብህ ና» ይባላሉ።

ሌላም አለ። ላቲኖዎች ድሆች ሆነው እንኳ ከነጮቹ ረዘም ያለ ዕድሜ ይኖሩ ነበር፤ ተመራማሪዎች ነገሩ ስለከበዳቸው ከ1980ዎቹ ጀምሮ የላቲኖዎች እንቆቅልሽ እያሉ ይከራከሩበታል። በ2019 አማካይ ዕድሜያቸው 81.9 ነበር። ኮቪድ ሲመጣ እርሻው፣ ሥጋ ፋብሪካውና ወጥ ቤቱ «አስፈላጊ ሥራ» ተባለና ሌላው ቤቱ ሲቀመጥ እነሱ ወጡ። በ2021 ያ ዕድሜ ወደ 78 ገደማ ወርዶ ነበር። አራት ዓመት! ለሥራው አስፈላጊ የሆነ ሰው ለሕክምናው አስፈላጊ የማይሆነው እንዴት ነው?

ጎረቤት ነን

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አዳምስ ሞርጋን በሚባለው ሰፈር የኤልሳልቫዶሮቹና የእኛ ሰዎች አንድ መንገድ ላይ ኖረዋል። በ1988 ለላቲን አሜሪካ እናቶች ተብሎ እዚያው የተከፈተው ሜሪስ ሴንተር የተባለ ጤና ጣቢያ የእኛንም እናቶች አክሟል። ከተማዋ በ2004 የቋንቋ ሕጓን ስታወጣ ከስፓኒሹ ጋር አማርኛም አብሮ ገባ። ላቲኖዎቹ የከፈቱት በር ለእኛም ተከፍቷል።

ሲዘጋም እንደዚያው ነው። ዲቪ ደርሶት የሄደ ወንድማችሁ የ1996ቱን የአምስት ዓመት ጥበቃ ይጠብቃል። በጁላይ 2025 የተፈረመው ትልቁ የበጀት ሕግ ደግሞ ግሪን ካርድ ገና ያላገኙ፣ ጥገኝነት የተፈቀደላቸውንና በስደተኝነት የገቡትን ሳይቀር ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ከሜዲኬይድ እንዲወጡ ይደነግጋል። ወሬው ስለ ሜክሲኮ ድንበር ነበር፤ ሕጉ ሲጻፍ ግን ከአስመራና ከአዲስ አበባ የሄደውም ውስጡ ተገኘ።

ግዛቶቹም እያፈገፈጉ ነው። ካሊፎርኒያ በጃንዋሪ 2024 ወረቀት ሳትጠይቅ ለአዋቂው ሁሉ የድሆችን መድን ከፍታ ነበር፤ በጃንዋሪ 2026 ለወረቀት አልባ አዋቂዎች አዲስ ምዝገባ አቆመች። ኢሊኖይ ከ42 እስከ 64 ዓመት ላሉት የነበራትን በ2025 ዘጋች። ምክንያቱ በጀት ነው ተባለ። የዳላሱን ጥናት ያነበበ ሰው ግን ይህ ቁጠባ የቱ ጋ ተመልሶ እንደሚወጣ ያውቃል፤ ድንገተኛ ክፍል።

እኛ ድንበር ይፍረስ አላልንም፤ የምንለው ትንሽ ነገር ነው። ሲቃጠል ለማጥፋት የሚከፍል መንግሥት ሳይቃጠል ቅጠሉን ይግዛ። እጥበቱ በቀጠሮ ይሁን። በገንዘቡ ኢንሹራንስ ልግዛ ያለ ይሸጥለት። ለሐኪም የተሰጠ አድራሻ ሐኪም ዘንድ ይቅር። የእኛም ሰው እዚያ ሆኖ ስለ ላቲኖዎቹ ሲወራ «እኛን አይመለከትም» ብሎ እንዳያልፍ። ካርድ ክፍሉ አንድ ነው፤ ወረፋውም አንድ ነው።

ቸር ይግጠመን።